መልህቁ 25 ኪሎ ነው፣ ጀልባዋ ግን ትንሸራተታለች። ልጨምርበት ወይስ ሰንሰለት ልግዛ?

በያጁ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ብየዳ ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ። በር፣ መስኮት፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ እሠራለሁ። አልፎ አልፎ የአይሱዙ ካሶኒም ይመጣል። ከውሃ ጋር ግን ብዙ ትውውቅ የለኝም። ለዚህ ነው የሚያውቅ ካለ ብዬ የመጣሁት።

አንድ ደንበኛዬ ባቱ ላይ፣ ዝዋይ ሐይቅ ማለቴ ነው፣ ሰው የምታመላልስ የፋይበር ጀልባ አለችው። ርዝመቷ 7 ሜትር ነው። መልህቋን ሌላ ቦታ ነው ያሠራው። አምጥቶ አሳየኝ። ወፍራም ብረት ላይ አራት ባለ 16 ፌሮ ተቆልምሞ ተበይዶበታል። ሚዛን ላይ ሳወጣው 25 ኪሎ መጣ። የሚታሰረው በ8 ሜትር ናይለን ገመድ ነው። ጀልባዋ የምትቆምበት ውሃ ጥልቀቱ 3 ሜትር ገደማ ነው አለኝ።

ጠዋት ውሃው ረጋ ሲል ችግር የለም። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ግን ጀልባዋ መልህቁን ይዛ ትሄዳለች። ፊላው ውስጥ ገብታ ነው የሚያገኟት። አንድ ቀን ሌላ ጀልባ ገጭታለች።

ደንበኛው "40 ኪሎ አድርገህ አዲስ ሥራልኝ" አለኝ። ብረቱ አለ፣ መቁረጥም አይከብደኝም። ግን አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። ትልልቅ መርከቦች ለምንድን ነው ያን ሁሉ ሰንሰለት የሚሸከሙት? ገመድ እንዳይበጠስ ብቻ ነው? ክብደቱ የራሱ ሥራ ካለው፣ ለምን እኔስ ሰንሰለት አልገዛለትም?

ምናለሽ ተራ ባለ 8 ሚሊም ባለ 10 ሚሊም ሰንሰለት አይቻለሁ። በኪሎ ነው የሚሸጡት። ስለዚህ ወፍራምና አጭር ልውሰድ ወይስ ቀጭንና ረጅም? ስንት ሜትር? ገንዘቡ የሰው ነው፣ ጀልባዋ ደግሞ ሰው ትጭናለች። ገምቼ መሥራት አልፈልግም።

የባቱ ልጅ

ወንድሜ፣ ደንበኛህ ልክ ነው። እዚህ የምናውቀው ከባድ ነገር ማሰር ነው። በሲሚንቶ የተሞላ ጎማ የሚጠቀም አለ፣ ድንጋይ በመረብ ጠቅልሎ የሚጥልም አለ። የከሰዓቱን ነፋስ የሚችለው ክብደት ነው። 40 አድርገው፣ ካስፈለገም 50። ሰንሰለት ትርፍ ወጪ ነው።

የድሮ መርከበኛ፣ ለገጣፎ

ልጄ፣ ብረቱን ከመቁረጥህ በፊት ይህን አንብብልኝ። ዕድሜዬ ያለቀው በንግድ መርከብ ላይ፣ ከፊት ለፊት፣ መልህቁ አጠገብ ቆሜ ነው። አሁን ለገጣፎ ተቀምጫለሁ። ከባሕሩ ብርቅም ስለ መልህቅ ሲነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ሰው ያለበት ነገር ስለሆነ።

መልህቅ በክብደቱ የሚይዝ ይመስላል። ዋናው ሥራው ግን እሱ አይደለም። መሬት ውስጥ ገብቶ ነው የሚይዘው። ማረሻን አስብ። በሬዎቹ ወደ ፊት ሲስቡት አፈሩ ውስጥ ይገባል። ከላይ ከሳብከው አፈሩን ለቅቆ ይወጣል። መልህቅም ወደ ጎን ሲሳብ ይቀበራል፣ ወደ ላይ ሲሳብ ይነቀላል። ስለዚህ ከኪሎው በፊት የሚጠየቀው ገመዱ መልህቁን ወዴት ነው የሚስበው የሚለው ነው።

የደንበኛህን ጀልባ እንያት። ውሃው 3 ሜትር። ገመዱ የሚታሰርበት የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው በላይ አንድ ሜትር ያህል ነው እንበል። ድምሩ 4 ሜትር። ገመዱ 8። ነፋስ ሲመጣ ገመዱ ክር ይመስል ቀጥ ይላል። ከሐይቁ ወለል ጋር 30 ዲግሪ ይሠራል። ነፋሱ ጀልባዋን በ60 ኪሎ ጉልበት ቢገፋት፣ ገመዱ መልህቁን በ35 ኪሎ ገደማ ወደ ላይ ያነሳዋል። 25 ኪሎ ብረት ደግሞ ውሃ ውስጥ ሲገባ 22 ኪሎ አይሞላም፣ ውሃው ራሱ ያቀልለዋል። እንግዲህ 22 ኪሎ ነገር በ35 ኪሎ ሲነሳ ምን ይሆናል? ይንጠለጠላል። የደንበኛህ መልህቅ ጥርሱን የሚተክልበት ጊዜ እንኳ አላገኘም።

40 ኪሎ ብታደርገው ውሃ ውስጥ 35 ገደማ ነው። አፋፍ ላይ አቆምከው ማለት ነው። ነፋሱ ትንሽ ከጨመረ ያው ይነሳል። መልህቁን ሲጎትት የሚውለው ልጅ ደግሞ ወገቡ ተቆረጠ።

አሁን ያንኑ 25 ኪሎ መልህቅ ሳትነካው በ28 ሜትር ገመድ እሰረው። የ4 ሜትር ሰባት እጥፍ መሆኑ ነው። ማዕዘኑ ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል። በዚያው በ60 ኪሎ ነፋስ ወደ ላይ የሚያነሳው 9 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ምንም ብረት አልጨመርክም። ርዝመት ብቻ ነው የጨመርከው።

ወደ ሰንሰለቱ ልምጣ። ገመድ ቀላል ስለሆነ ሲወጠር ቀጥ ይላል። ሰንሰለት ግን በራሱ ክብደት ሆዱን ይጥላል። ከጀልባዋ ወርዶ መልህቁ ጋ የሚደርሰው ወለሉ ላይ ተኝቶ ነው። የመልህቁ ዘንግ እንደተጋደመ ይቀራል፣ ጥርሱም እየገባ ይሄዳል። ነፋሱ ድንገት ሲነጥቅ ደግሞ ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድ መጀመሪያ ያን የተኛ ሰንሰለት ከመሬት ማንሳት አለባት። ጉልበቷ እዚያ ላይ ይበላል። ንጥቂያው መልህቁ ጋ ሲደርስ ረግቦ ነው። ወለሉ ድንጋይ ከሆነም ገመድ ይፈገፈግና ይበላል፣ ሰንሰለት ግን ይችለዋል።

መርከብ ላይ የሰንሰለት ርዝመት የሚቆጠረው በሻክል ነው። አንዱ ሻክል 27.5 ሜትር ነው። መልህቅ ስንጥል ካፒቴኑ ከድልድዩ፣ መርከቡ ከሚመራበት ክፍል ማለቴ ነው፣ የሚጠይቀን ስንት ሻክል እንደወጣና ሰንሰለቱ ወዴት እንደሚያመራ ነበር። የመልህቁን ኪሎ የጠየቀ ካፒቴን አላጋጠመኝም። ብዙ መኮንኖች የሚይዙት አንድ ስሌት አለ፦ ደህና አየር ከሆነ የውሃውን ጥልቀት በ3 አባዝተህ 90 ሜትር ትጨምርበታለህ። ውሃው 30 ሜትር ከሆነ 180 ሜትር ይመጣል፣ ስድስት ሻክል ተኩል ማለት ነው። አየሩ ሲከፋ ከዚያም በላይ ይፈታል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ወለሉ ላይ ተኝቶ ይውላል። የማያውቅ ሰው የባከነ ብረት ይመስለዋል። መርከቡን ያቆመው ግን እሱ ነው።

የፊዚክስ መምህር፣ ሰበታ

የመርከበኛው አባታችን ያሉት በሒሳብም ይወጣል። ተማሪዎቼ የተንጠለጠለ ሰንሰለት ለምን ይጠቅመናል ሲሉኝ ይህን ነው የምነግራቸው።

ሰንሰለቱ መልህቁ ጋ ጨርሶ ወደ ላይ ሳይስብ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ርዝመት እንዲህ ይገኛል። ከፍታውን በራሱ አባዛው። ከዚያ 2 ሲባዛ በከፍታው፣ ሲባዛ በነፋሱ ጉልበት፣ ሲካፈል ለአንድ ሜትር ሰንሰለት ክብደት፣ ያን ደምርበት። የድምሩ ካሬ ሥር ርዝመቱ ነው። ከፍታ ስል ከሐይቁ ወለል እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ነው። የሰንሰለቱ ክብደትም ውሃ ውስጥ ያለው ነው።

ባለ 8 ሚሊ ሰንሰለት በሜትር 1.4 ኪሎ ገደማ ነው፣ ውሃ ውስጥ 1.2። ባለ 10 ሚሊ 2.3 ገደማ ነው፣ ውሃ ውስጥ 2። ከፍታው 4 ሜትር ይሁን። በባለ 8 ሚሊ ነፋሱ በ25 ኪሎ ሲገፋ 13.5 ሜትር ይበቃል። በ100 ኪሎ ሲገፋ 26 ሜትር ያስፈልጋል። ልብ በሉ፣ ከ25 ወደ 100 ለመድረስ ነፋሱ አራት እጥፍ መፍጠን የለበትም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት የሚበቃው ርዝመት ከሰዓት አይበቃም።

አሁን የጠያቂያችን ቁልፍ ጥያቄ። ወፍራም ወይስ ረጅም? በ100 ኪሎ ነፋስ ባለ 8 ሚሊ 26 ሜትር ይፈልጋል፣ ጠቅላላ ክብደቱ 36 ኪሎ ገደማ ነው። ባለ 10 ሚሊ 20.5 ሜትር ይበቃዋል፣ ክብደቱ ግን 47 ኪሎ ይሆናል። ሥራው አንድ ነው። በኪሎ የምትገዛ ከሆነ ቀጭኑና ረጅሙ ይረክሳል፣ ጀልባዋ ላይም ይቀላል። ጥንካሬው እስከበቃ ድረስ እኔ ረጅሙን እመርጣለሁ።

ሌላም አለ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ከፍታው 12 ሜትር ቢሆን በባለ 8 ሚሊና በ100 ኪሎ ነፋስ 46 ሜትር ይመጣል፣ የከፍታው አራት እጥፍ እንኳ አይሞላም። በ4 ሜትር ግን ስድስት እጥፍ ተኩል ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ሰንሰለቱ ሆዱን የሚጥልበት ቦታ ያንሰዋል። ዝዋይ በአማካይ 2.5 ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው። እዚያ ላይ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ርዝመት ነው።

ቢሾፍቱ ነኝ

ዝዋይ ላይ ይሠራል። ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ግን ይህን እንዳትሞክሩት። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፣ መሐሉ 65 ሜትር ይደርሳል። ከዳር ትንሽ ራቅ ስትል ወለሉ ቁልቁል ይወርዳል። መልህቅ ብትጥል ተዳፋቱ ላይ ይንከባለላል። እኛ ዳር ላይ ነው የምናስረው።

የባቱ ልጅ

አባቴ፣ ስለ ማዕዘኑ ያሉት ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። 28 ሜትር ገመድ ያላት ጀልባ ነፋስ ሲዞር አብራ ትዞራለች። የራሷ 7 ሜትር ሲጨመር በዙሪያዋ 35 ሜትር ማንም መኖር የለበትም። እዚህ ወደቡ ጋ ጀልባ በጀልባ ላይ ነው የሚቆመው። የዓሣ መረብም አለ። አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ካሰረ ይጋጫሉ።

በያጁ፣ ቱሉ ዲምቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የ30 ዲግሪዋን ነገር ወለሉ ላይ በጠመኔ ሥዬ አየሁት። ረዳቴንም አሳየሁት። ቁርጥ አድርጎ ገባን።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ 26 ሜትር ሰንሰለት 36 ኪሎ ከሆነ፣ ላዩ ላይ የመልህቁ 25 ሲጨመር ማን ያነሳዋል? በእጅ ነው የሚስቡት። ግማሹን ሰንሰለት ግማሹን ገመድ ማድረግ ይቻላል? ሁለተኛ፣ ሰፈር ውስጥ ቁርጥራጭ ሰንሰለት በርካሽ አግኝቻለሁ። የመኪና መጎተቻ የነበረ ነው። በያይዤ አንድ ባደርገውስ?

ባልደረባህ ከገላን

ወንድሜ፣ ሁለተኛውን እኔ ልመልስልህ፣ ሙያችን ነው። እንዳትበይደው። የመጎተቻ ሰንሰለት ብዙ ጊዜ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። በኤሌክትሮድ ስትነካው ጥንካሬው ከብየዳው ዳር ላይ ይሞታል። ከላይ ስታየው አንድ ቀለበት ይመስላል፣ ሲነጠቅ ግን እሷ ናት የምትከፈት። ዚንክ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ራሱ በሽታ ነው። ቀን ምንም አይልህም። ማታ ብርድ ብርድ ይልህና ትኩሳት ይለቅብሃል። ያልተቆረጠ አንድ ወጥ ሰንሰለት ግዛ። ማያያዝ ካለብህ በሻክል ነው፣ ርዝመት መቁጠሪያውን ሳይሆን ባለ ቡሎኑን ማያያዣ ብረት ማለቴ ነው፣ ለሸክም የተሠራና ጥንካሬው ከሰንሰለቱ የማያንስ።

የድሮ መርከበኛ፣ ለገጣፎ

የገላኑ ልጅ ያለውን ስማው። እኔ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሻክሉን ቡሎን በቀጭን ሽቦ እሰረው። ቀንና ሌሊት የሚነቃነቅ ነገር ነው፣ ካልታሰረ ተፈትቶ ይወድቃል። መልህቅ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

ግማሽ በግማሹ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለትንሽ ጀልባ እኔም የምመክርህ እሱን ነው። ከመልህቁ በኩል 10 ሜትር ባለ 8 ሚሊ ሰንሰለት አድርግ፣ 14 ኪሎ ነው። ከዚያ 20 ሜትር ባለ 12 ሚሊ ናይለን ገመድ ቀጥልበት። ሰንሰለቱ ዘንጉን መሬት ላይ ያስተኛል፣ ናይለኑ ደግሞ ይለጠጣል። ነፋስ ሲነጥቅ መለጠጡ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሰንሰለት አንዴ ቀጥ ብሎ ከተወጠረ የሚሰጠው ነገር የለውም። ግን ገመዱ ናይለን ይሁን። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ፕላስቲክ ገመድ አትግዛ። እሱ ወደ ላይ ነው የሚያመራው፣ የሌላ ጀልባ ሞተርም ይጠመጥመዋል። የገመዱ ጫፍ ጀልባዋ ላይ ጠንክሮ መታሰሩን በዓይንህ እይ።

መልህቁን በተመለከተ፣ አራት ፌሮ ጥርስ ለድንጋይ ነው የሚሆነው። ደለል ውስጥ በቢላ ቅቤ እንደመቁረጥ ያልፋል። ለጭቃና ለአሸዋ ሰፊ ክንፍ ነው የሚሻለው። ሁለት የላሜራ ክንፍ ቆርጠህ፣ በመሐል ዘንጉ ላይ በማጠፊያ እንዲወዛወዙ አድርገህ ሥራው። ክንፉ ከዘንጉ ከ30 ዲግሪ ትንሽ በለጥ ብሎ ይቁም፣ ከዚያ እንዳያልፍ ማገጃ በይድለት። እንዲህ ያለው መልህቅ 12 ኪሎ ሆኖ ያን 25 ኪሎ ይበልጠዋል። 40 ኪሎ ብረትህን ለበር አስቀምጠው።

የባቱ ልጅ ያነሳው መዞር እውነት ነው፣ ቀላል ነገር አይደለም። ጠባብ ቦታ ላይ አንዱን መልህቅ ከፊት፣ ሌላ አነስ ያለ ከኋላ ጥለህ እንዳትዞር ማድረግ ይቻላል። ከኋላ ነፋስ ሲመጣ ግን ትቸገራለህ። የተሻለው ነገር የወደቡ ጀልባዎች ተነጋግረው ሁሉም ተመሳሳይ ርዝመት ቢፈቱ ነው። እኩል ከዞሩ አይነካኩም።

አጣጣሉን ለደንበኛህ ንገረው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። መልህቁን ከነሰንሰለቱ ክምር አድርገህ አትወርውር፣ ሰንሰለቱ ላዩ ላይ ይጠመጠማል። ነፋሱ ወደሚመጣበት ፊትህን አዙረህ ቁም። መልህቁን ቀስ ብለህ አውርድ። ወለል ሲነካ ጀልባዋ ወደ ኋላ ትሂድ፣ አንተ እየፈታህ ሰንሰለቱን ዘርጋው። ሁሉም ሲወጣ እሰረውና ሞተሩን በቀስታ ወደ ኋላ አስነሳ። ያኔ እጅህን ገመዱ ላይ አድርግ። መልህቁ እየተንሸራተተ ከሆነ እጅህ ላይ ግር ግር ይልሃል፣ ይወጠርና ይለቃል፣ ይወጠርና ይለቃል። መሬት ከነከሰ ተወጥሮ ጸጥ ይላል። ከዚያ ዳር ላይ ሁለት ነገር ምረጥ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ የሆነ፣ ዛፍና ቤት ይሁን። ሁለቱ እንደተደራረቡ ከቆዩ ጀልባዋ አልሄደችም።

በያጁ፣ ቱሉ ዲምቱ

ደንበኛዬን ደወልኩለት። መጀመሪያ አልተዋጠለትም፣ "ገመድ ጨምር ነው የምትለኝ?" አለ። የ22 እና የ35ቱን ሒሳብ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ ተስማማ። 10 ሜትር ሰንሰለት፣ 20 ሜትር ናይለን፣ ባለ ክንፍ መልህቅ። ክንፉን በ6 ሚሊ ላሜራ ልቆርጠው ነው። ማጠፊያውን ስጨርስ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ጋሼ ማዕዘኑን ይዩልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ባቱ ወርጄ ራሴ ልሞክረው አስቤያለሁ።

የባቱ ልጅ

ና፣ እቀበልሃለሁ። ግን ጠዋት አትሞክረው፣ ጠዋት ድንጋይም ይይዛል። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ሲነሳ እንጣለው። የእኔንም ጀልባ ገመድ ይዤ እመጣለሁ፣ 10 ሜትር ነው፣ አብረን እንለካዋለን።